የነፋስ እጅጌ

ትበርህ ዘርእዝጊ ቴንዳ ሰፊ ነበረች። አሥመራ ውስጥ ቴንዳ የሚባለው በየቡና ቤቱና በየሱቁ ደጃፍ ፀሐይ እንዳይገባ የሚወጠረው ወፍራም ሸራ ነው፤ የጭነት መኪና ልባሱም፣ የሠርግ ድንኳኑም ከዚያው ቤት ነው የሚወጣው። ሙያውን የቀሰመችው ገና በአሥራ አራት ዓመቷ ከተቀጠረችበት ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ሱቅ ሲሆን፣ ሰውየው ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ ትልቁን የስፌት መኪና ለእሷ ትቶላት ሄደ።

ከዚያ መኪና ፊት ካልሆነ በቀር አንድ ቦታ መርጋት አይሆንላትም ነበር። ለቅሶ ቤት ሄዳ ሩብ ሰዓት አትቀመጥም። ሻሂ ቢቀዳላት ቆማ ትጠጣለች። አውቶቡስ ከምትጠብቅ ከፌርማታ ፌርማታ በእግሯ መገስገስ ይቀላታል። ታናሽ እኅቷ ንግስቲ፣ "እስቲ ዐረፍ በይ፤ አንቺን ሳይ እኔ ነኝ የሚደክመኝ" ትላት ነበር። ትበርህ ግን በሠላሳ ስድስት ዓመቷ አንድ ትዳር ፈትታ፣ አንድ ልጅ ቀብራ፣ ከሥራ በቀር ልቧን የሚያሳርፍ ነገር አላገኘችም።

በ1957 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርት የለበሰ ሰው የተቀዳደደ ጨርቅ ታቅፎ ሱቋ ገባ። ንጋሲ ይባላል። ከዓዲ ጓዕዳድ ባሻገር የአንበጣ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት የአፈር ሜዳ ነበረ፤ ንጋሲ የዚያ ሜዳ የአየር ጠባይ ተመልካች ነው። በቀን አምስት ጊዜ ሰማዩን፣ ሙቀቱንና ነፋሱን አይቶ መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ጠረጴዛዋ ላይ የዘረጋው ነገር ከአንድ ሰው ቁመት የሚረዝም፣ በአንድ ጫፉ ሰፊ በሌላው ጠባብ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ የጨርቅ ቱቦ ነበር።

"ማኒካ ነው" አላት። "ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ነፋሱ በሰፊው አፉ ይገባና ይነፋዋል። ሜዳችን ሌላ መለኪያ የለውም፤ አብራሪው ከላይ ሆኖ ነፋሱ ወዴት እንደሚሄድና ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያውቀው በዚሁ ነው።"

ማኒካ በጣሊያንኛ እጅጌ መሆኑን ትበርህ አሳምራ ታውቃለች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገች።

"ኣያ ንጋሲ፣ ይሄማ የሸሚዝ ጨርቅ ነው። ምን ያህል ቆየ?"

"አምስት ወር።"

"እኔ የምሰፋው አምስት ዓመት ይቆያል።"

"እንዲያ ከሆነማ የቐንየለይ" ብሎ ደስ ብሎት አመሰገናት።

ጨርቁ ምን ያህል መክበድ እንዳለበት አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። የጭነት መኪና ልባስ ከሚሠራበት ሸራ ቆረጠች፣ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ሰም አጠጣችው፣ ስፌቱን ድርብ አደረገች፣ ብርቱካናማ ቀለም ቀባችው። ተሰቅሎ ስታየው ደስ አላት። ያገሩ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ገብቶ ቀና ብሎ የማያየውን ቴንዳ ስትሰፋ ለኖረች ሴት፣ ከሰማይ የሚታይ ሥራ መሥራት ትንሽ ነገር አልነበረም።

መጋቢት ሲገባ የአሥመራ ነፋስ ጠባዩ ይለወጣል። ጠዋት ጭጭ ይልና ከቀትር በኋላ ተነሥቶ የሜዳውን አቧራ ከተማው ላይ ይደፋዋል። በአንዱ ሐሙስ ትበርህ ንጋሲ መዝገቡን የሚሞላበትን የሜዳውን ጎጆ ደጃፍ ልትለካ ሄዳ ነበር፤ ንጋሲ ትንሽ ቴንዳ እንድትሠራለት ጠይቋት ነው። ሜትሯን ስትዘረጋ ነፋሱ ነጥቆ ግድግዳ ላይ ለጠፈባት። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ያዘች። የስልክ ሽቦው ያፏጫል፤ ጎጆው አናት ላይ ያለው ባንዲራ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ይንጣጣል። በዚህ መሃል አንድ መርጫ አውሮፕላን ከሰምበል በኩል መጣ።

አብራሪው አንድ ጊዜ ዞረ። ትበርህም ቀና ብላ እጅጌዋን አየች። ግማሽ ጎኑ ተነሥቷል፤ ግማሹ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ልክ ለዘብ ባለ ነፋስ እንደሚሆነው። አውሮፕላኑ ዝቅ አለ። ጎማው መሬት ሊነካ ሲል ነፋሱ ከጎን ገባና አንደኛውን ክንፍ አነሣው። ሌላኛው ክንፍ አፈሩን ቧጨረ፣ ተሰበረ፣ አውሮፕላኑም አንዴ ተሽከርክሮ በጎኑ ተኛ።

አብራሪውን፣ አንድ ወጣት ፈረንጅ፣ ንጋሲና ሁለት ሠራተኞች ጎትተው አወጡት። ትከሻው ተሰብሮ ግንባሩ ደም በደም ሆኗል፤ ግን ነፍሱ አለች። ትበርህ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰረችለት። ወደ ሆስፒታል ከወሰዱት በኋላ ንጋሲ ጎጆው ገብቶ መዝገቡን ሞላ።

"ስንት ብለህ ጻፍክ?" አለችው በሩ ላይ ቆማ።

"ሦስት።"

"ሦስት ምን ማለት ነው?"

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ በጣቱ አሳያት። የነፋስ ደረጃ ከዜሮ እስከ ዐሥራ ሁለት ተዘርዝሮበታል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሁሉ በአማርኛ ይሁን ከተባለ ወዲህ ንጋሲ ራሱ ተርጉሞ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ገልብጦታል። ትበርህ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጭስ ቀጥ ብሎ ከወጣ ዜሮ ነው፤ ጭስ ካጋደለ አንድ። ነፋሱ ፊት ላይ ከታወቀና ቅጠል ከተንሿሿ ሁለት ይባላል። ቅጠልና ቀንበጥ አላርፍ ካለ፣ ቀላል ባንዲራም ከተዘረጋ ሦስት ነው። አቧራና ወረቀት ከተነሣ አራት፣ ትንንሽ ዛፍ ከተወዛወዘ አምስት። ትልልቅ ቅርንጫፍ ከተነቃነቀ፣ የስልክ ሽቦ ካፏጨ፣ ጥላ መያዝ ካስቸገረ—ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ።

"ሽቦው እያፏጨ ነበር" አለች። "ይሄ ስድስት ነው።"

"እጅጌው ግማሽ ነበር። እጅጌው ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው ነፋሱ በሰዓት ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው። ግማሽ ከሆነ ሦስት ብለን እንጽፋለን። እኔም አብራሪውም ያየነው እሱን ነው።"

"እጅጌው ዋሸ።"

"ትበርህ፣ በጃኺ፣ ተይው።"

"ከብዶት ነው ያልተነሣው። ያከበድኩት እኔ ነኝ።"

ንጋሲ መዝገቡን ከደነው። "ድንገተኛ ነፋስ ብዬ ጽፌያለሁ። ሰውየውም ተርፏል። ከዚህ በላይ አትቆፍሪ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ የትበርህ አለመርጋት ሌላ መልክ ያዘ። መርፌው ሸራ ውስጥ እንደተተከለ ትታ ወደ ደጅ ትወጣለች። የዳቦ ቤቱን ጭስ ታያለች፣ የጎዳናውን ዘንባባ ታያለች፣ "ሁለት" ትላለች ለራሷ። ትገባለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ትወጣና "አራት" ትላለች። ንግስቲ እኅቷ አእምሮዋ የተነካ መስሏት ጠበል ልትወስዳት አሰበች። ትበርህን ግን የሚያስፈራት ሌላ ነበር። እጅጌው እስካሁን እዚያው ምሰሶ ላይ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ደጅ ወጥታ ሰማዩን ታማትራለች።

በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች። "አውርደው" አለችው ንጋሲን።

"እንዴት አድርጌ? ማኒካ የሚለወጠው ሲቀደድ ነው። ደህናውን ባወርድ ለምን ይሉኛል።"

"የኔ ደግሞ አይቀደድም።"

"አይቀደድም" አለ ንጋሲ። ከዚያ ልቡ ትንሽ ሲለሰልስ ስለ ሰንጠረዡ አጫወታት። ያወጣው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ አንድ የእንግሊዝ የባሕር መኮንን ነው። ጭስና ቅጠል ኋላ የመጡ ናቸው፤ እሱ ነፋሱን ይመድብ የነበረው መርከቡ ስንት ሸራ ዘርግታ ልትሄድ እንደምትችልና በስንተኛው ላይ ሸራው እንደሚጠቀለል እያየ ነው።

"በሸራ ነው የለካው?"

"እወ፣ በሸራ።"

ይህን ከሰማች በኋላ ሥራዋን አወቀች። ሦስት ዓይነት ጨርቅ ገዝታ ሦስት እጅጌ ሰፋች፤ አንደኛው ከስስ አቡጀዲ፣ ሁለተኛው ከወፈር ካለ ጥጥ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መሃል ካለ። የቀረው የትኛው በሃያ ስምንት ላይ እንደሚዘረጋ ማወቅ ነው። የነፋሱን ልክ በምን ታውቃለች? ነፋስ ታዝዞ አይመጣ። ሁለት ቀን አስባ መላውን ያገኘችው የእኅቷ ባል በራኺ የጭነት መኪናውን ሲያጥብ ቆማ ስታይ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ መኪናው ራሱ ከሮጠ፣ እጅጌውን የሚመታው አየር ፍጥነት የመኪናው ፍጥነት ነው።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በአንዱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ከከተማ ወጡ። ንጋሲ እንደማይመጣ ሲምል ከርሞ፣ የመጀመሪያ ሰው ሆኖ ደረሰ፤ ያንን ከባዱንም እጅጌ ከምሰሶው አውርዶ በብብቱ ይዞ ነበር። በዓዲ ጓዕዳድ የሚታየው ጭስ ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዜሮ። በመኪናው ጎን ረጅም የብረት ቱቦ አሰሩ። የበራኺ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ መኪና የፍጥነት መቁጠሪያው ከሞተ ቆይቷል፤ ስለዚህ ጣሊያን በመንገዱ ዳር የተከላቸውን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ተጠቀሙ። ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው በሁለት ደቂቃ ከስምንት ሴኮንድ ከደረሱ ሃያ ስምንት ነው። ንጋሲ ሰዓቱን ይዞ ከበራኺ ጎን ተቀመጠ። ትበርህ ከኋላ የጭነቱ ቦታ ላይ ቆማ ቱቦውን ያዘች።

መጀመሪያ የሰቀሉት ከባዱን ነው። መኪናው በልኩ ሮጠ፤ እጅጌው ግማሽ ላይ እንኳ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ቀረ። በራኺ ነዳጁን ረገጠ፤ ከድንጋይ ድንጋይ በአንድ ደቂቃ ተኩል፣ ማለትም በአርባ ሲሮጡ ነው ግማሽ የሆነው፣ ልክ ያን ሐሙስ እንደነበረው። ትበርህ እጅጌውን አውርዳ እግሯ ሥር ጣለችው። አቡጀዲው ደግሞ መኪናው ገና ሲነሣ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ፤ እሱም የማያዋጣ ነው። ወፈር ያለውም ሳይሞላ ቀረ።

ሦስተኛውን ሰቅለው ሲመለሱ መንገዱ ላይ ወታደሮች ቆመው አገኙ። ያኔ በቆላው በኩል ሽፍታ እየበዛ ስለነበር ኬላ ድንገት ይቆማል። ደርበው የሚባል አሥር አለቃ መሣሪያውን እንዳነገተ ወደ መኪናው መጣ።

"ሦስት ጊዜ ተመላለሳችሁ። ይህ የተሰቀለው ነገር ለማን ነው የሚያመለክተው?"

በራኺ አማርኛው ጠፋበት። ንጋሲ ፊቱ አመድ መሰለ። ትበርህ ከላይ ሆና፣ "ለማንም አይደለም ጌታዬ፤ ነፋስ እየለካን ነው" አለች።

"ነፋስ በሌለበት ቀን?"

"ነፋስ በሌለበት ነው መለካት የሚቻለው።" ከመኪናው ወርዳ፣ አውሮፕላኑን፣ እጅጌውን፣ የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ አንድ በአንድ አስረዳችው። አማርኛዋ ከጉሮሮ የሚወጣ የአሥመራ አማርኛ ነው፤ ሰውየው ግን እስክትጨርስ ሰማት።

"እኛ ጎጃም ምርት ስናነሣ" አለ በመጨረሻ፣ "አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ እንወረውራለን። የት ላይ እንደወደቀ አይተን ነው መንሹን የምናነሣው።" እጅጌውን በእጁ ነካው። "ሂዱ። ታርጋውን ግን ጽፌዋለሁ፤ ሥራዬ ነው።"

ሦስተኛው እጅጌ ከድንጋይ ድንጋይ በሁለት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ ሲደርሱ ሙሉ ለሙሉ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። ንጋሲ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ አየውና ፈገግ አለ። ያን ዕለት ሜዳው ላይ ተሰቀለ። ትበርህም ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ደጅ ሳትወጣ ዋለች።

ሰላሙ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። የተጻፈው ታርጋ ከእጅ ወደ እጅ አልፎ የሜዳው ኃላፊ አቶ ገብረመድኅን ዘንድ ደረሰ። አቶ ገብረመድኅን ከአዲስ አበባ የተላኩ፣ ጠይም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ትበርህን ቢሯቸው አስጠሯት።

"ወይዘሮ ትበርህ፣ ይቀመጡ።"

"ቆሜ ይሻለኛል ጌታዬ።"

"የመንግሥት ንብረት የሆነ ነገር በጭነት መኪና ተሰቅሎ አውራ ጎዳና ላይ ታይቷል። ለምን?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ደብዳቤ አየች። አቶ ገብረመድኅን ዓይኗ የሄደበትን አይተው፣ "ስለዚያ አብራሪ ነው" አሉ። "ነፋሱ ሦስት እንደነበር መዝገቡ ይናገራል። በሦስት ነፋስ የሚገለበጥ አብራሪ ቸልተኛ ነው ተብሏል። ፈቃዱን ሊነጥቁት ነው።"

ትበርህ የዚያን ልጅ ክንድ በነጠላዋ ስታስር እጇን የጨበጠበትን አጨባበጥ አስታወሰች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ሸራውን፣ ሰሙን፣ ሽቦው ሲያፏጭ እጅጌው እንዴት እንደተንጠለጠለ፣ በማለዳው መንገድ ላይ ያዩትን። "ነፋሱ ስድስት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

አቶ ገብረመድኅን ደብዳቤውን አጠፉት።

"ትናንት አቶ ንጋሲን ጠይቄው ነበር" አሉ። "አሮጌው ስለተቀደደ ለውጬዋለሁ፤ መንገድ ላይም የወጣነው አዲሱን ለመሞከር ነው አለኝ። በፊርማው አረጋግጧል።"

ያን ጊዜ ትበርህ ተቀመጠች። "ኣይፋል፣ እሱ ምንም አላጠፋም" አለች። "ለኔ ብሎ ነው።"

"ለእርስዎም ለራሱም ብሎ ነው። ሽቦ ሲያፏጭ እየሰማ ሦስት ብሎ ጽፏል። ሥራው ማየትና መስማት ነበር። እርስዎ ሰፊ ነዎት፤ ልኩን ማንም አልነገረዎትም። እሱ ግን ያውቃል።"

የአብራሪው ፈቃድ ሳይነጠቅ ቀረ። ንጋሲ በሰኔ ወር በቅጣት ወደ ዐሰብ ተዛወረ። ትበርህ ይቅርታ ልትለው ቤቱ ሄዳ ነበር። ደጃፉ ላይ ሻንጣ ሲያስር አገኘችው።

"እውነቱን መናገርሽ አይደለም የከፋኝ" አላት ቀና ሳይል። "ወደዚያ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት በኔ በኩል ብታልፊ ኖሮ እኔው ቀድሜ እናገረው ነበር። አሁን ውሸታም ሆኜ ነው የምሄደው።"

ትበርህ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ክረምቱን ሙሉ ሥራ አልያዝልሽ አላት። ስፌቱ ይጣመማል፣ ትፈታዋለች፣ እንደገና ትሰፋዋለች። ሰው ሲያናግራት ደጁን ነው የምታየው።

ጥቅምት ላይ በመርከብ የመጣ ጥቅል ደረሳት። ውስጡ የተበጣጠሰ እጅጌ አለ፤ ከእጅጌው ጋር በዚያ በምታውቀው ጥሩ ጽሕፈት፣ "ዐሰብ። ከሰዓት በኋላ ስድስት፣ አንዳንዴ ሰባት። ጨርቁ ያው የአሥመራው፣ ስፌቱ ብቻ ይጠንክር" የሚል ወረቀት። ሰላምታም ፊርማም አልነበረበትም። ትበርህ በሁለት ቀን ሰፍታ ጨረሰች። በፖስታ መላክ ትችል ነበር፤ ነገር ግን አላስቻላትም። በአውቶቡስ ምጽዋ ወረደች፣ ከምጽዋ ጨው በምትጭን መርከብ ተሳፍራ እጅጌውን በጉልበቷ ላይ አድርጋ በአራተኛው ቀን ዐሰብ ደረሰች።

ንጋሲ ከስቷል፤ ፊቱ በፀሐይ ከስሏል። ሲያያት አልገረመውም፣ ወይም ያልገረመው መሰለ። ምሰሶው ሥር ሄደው አብረው ሰቀሉት። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አሸዋውን እያነሣ ቅልጥማቸውን ይገርፋል። እጅጌው አንድ ጊዜ ተፈራገጠና ቀጥ ብሎ ቆመ። ንጋሲ ማስታወሻውን አውጥቶ ወደ ስልክ ሽቦው ጆሮውን አዘነበለ፣ የወደቡን ባንዲራ አየ፣ የራሱን ቆብ በእጁ ደግፎ ይዞ ጻፈ። ከጎኑ ቆማ አየችው፤ ስድስት ነበር የጻፈው።

"ኣብርሄት አልመጣችም" አላት ከዚያ በኋላ፣ ስለ ሚስቱ ነው። "ሙቀቱን ፈርታ ነው ትላለች። እኔ ግን የታሰርኩ መስሏት አፍራ ነው እላለሁ። ደብዳቤ ብጽፍ አታምነኝም፤ ታስሬ እየጻፍኩ የምዋሽ ይመስላታል።"

"እኔ እነግራታለሁ።"

ንጋሲ ማስታወሻውን ኪሱ ከተተ። "ይሁን" አለ።

ትበርህ ከስድስት ቀን በኋላ አሥመራ ስትገባ ቤቷ ሳትደርስ፣ ጥቅሏን እንዳንጠለጠለች የኣብርሄትን በር አንኳኳች። ኣብርሄት በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች፤ ማን እንደሆነች ታውቃለች፣ ግቢም አላለቻትም።

"ከሱ ዘንድ ነው የመጣሁት" አለች ትበርህ። "አልታሰረም። ቤት አለው፤ መስኮቱ ወደ ባሕር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ይጽፋል። አጠገቡ ቆሜ ሲጽፍ አይቻለሁ።"

"ሙቀቱስ?" አለች ኣብርሄት ዝግ ባለ ድምፅ።

"ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ አለ።"

ኣብርሄት በሩን ለቀቀች። ኅዳር ሲያልቅ እሷም ሁለት ሻንጣ ይዛ ዐሰብ ወረደች።